ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ስገዛ ባትሪውን እንዴት እንደመዘንኩት

ያገለገለ መኪና ስንገዛ መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» የሚል ነው። ለነዳጅ መኪና ጥያቄው ያስኬዳል። ሞተር የሚያልቀው በሥራ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ግን ቆሞም ያረጃል። መኪና ፍለጋ ስዞር ይሄንን ለደላሎች ማስረዳት ነበር ትልቁ ራስ ምታቴ። «ወንድሜ፣ 20 ሺህ ብቻ ነው የሄደው፣ አዲስ በለው!» ይሉኛል። እኔ ደግሞ የት ቆሞ? ስንት ዓመት ቆሞ? ስንት ፐርሰንት ተሞልቶ ቆሞ? እያልኩ አደርቃቸዋለሁ።

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ቤት እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። አሁን ብዙዎቹ ሁለተኛ ባለቤት እየፈለጉ ነው። የእኔ ዓይን ያረፈው ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ሁለት መኪኖች ቀሩ። አንዱ ሜትር ታክሲ ሲሠራ የኖረ፣ ኪሎ ሜትሩ 80 ሺህን ያለፈ። ሌላው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የከረመ፣ ሩብ ያህሉን እንኳ ያልሄደ። የቆመው በዋጋ በጣም ይበልጣል።

የቆመውን መኪና ደላላው «2023 ነው» ብሎኝ ነበር። ሻንሲ ቁጥሩ ግን ሌላ ይላል። 17 ፊደልና ቁጥር ካለው ሻንሲ ውስጥ 10ኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። ኤን ከሆነ 2022፣ ፒ ከሆነ 2023፣ አር ከሆነ 2024 ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር ጎንበስ ብዬ ሳየው ኤን ነው። ደላላው «አይ፣ የገባበትን ዓመት ነው እኮ የነገርኩህ» አለ። ለባትሪ የገባበት ዓመት ብዙም ትርጉም የለውም። ባትሪው ዕድሜውን መቁጠር የሚጀምረው ከፋብሪካ ሲወጣ ነው።

ምክንያቱን ባጭሩ ልናገር። በባትሪው አሉታዊ ጫፍ ላይ ያለው ግራፋይት ከፈሳሹ ጋር ሲነካካ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር ማለት ነው። ሽፋኑ ባትሪውን ይጠብቀዋል፤ ግን እየወፈረ በሄደ ቁጥር ከሊቲየሙ ይበላል። የተበላው ሊቲየም ኃይል ለማመላለስ ተመልሶ አይመጣም። ይሄ ሥራ መኪናው ቢሄድም ባይሄድም አይቆምም። የሚያፋጥኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀት፣ እና ባትሪው ሞልቶ ወይም ሊሞላ ተቃርቦ ለረጅም ጊዜ መቆየቱ። ሁለቱ ከተገናኙ በቃ። አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው መጀመሪያ ላይ ፈጠን ብሎ ይቀንሳል፣ ከዚያ ረጋ ይላል።

ለዚህ ነው «የት ቆሞ?» የምለው። ወደ እኛ የሚመጣው መኪና በብዛት በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። በሰኔና በሐምሌ እዚያ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት፤ አየሯ ለባትሪ የተመረጠ ነው ማለት ይቻላል። በአሜሪካ አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ የኒሳን ሊፍ ባለቤቶች በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የባትሪያቸው መለኪያ ቶሎ ቶሎ እየቀነሰ ነው ብለው ጮኸው ነበር። የዚያን ጊዜው ሊፍ ባትሪውን የሚያቀዘቅዝ የፈሳሽ ሲስተም አልነበረውም። ዩዋን ፕላስ ባትሪውን በራሱ ያቀዘቅዛል፤ ግን ይሄ በአብዛኛው መኪናው ሲነዳ ወይም ቻርጅ ላይ ሲሆን ነው እንጂ ጠፍቶ ፀሐይ ላይ ሲውል አይደለም።

የመኪና መረጃ የሚሰበስበው የካናዳው ጂኦታብ በ2024 ባወጣው ትንተና አማካይ የባትሪ ቅነሳው በዓመት 1.8 በመቶ ነበር። ቀደም ሲል 2.3 ብሎ ነበር። ደጋግመው የሚነዱ መኪኖች እምብዛም ከማይነዱት ያን ያህል የባሰ ጉዳት አልታየባቸውም። ታክሲውን ዝም ብዬ እንዳልተወው ያደረገኝ ይሄ ነው።

ወደ ምርመራው ልምጣ። መጀመሪያ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ኦቢዲ፣ ማለትም የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ሰካሁ። የዩዋን ፕላስ ባትሪ የተሠራው ከ126 ሴሎች፣ ማለትም ከትናንሽ ባትሪዎች ነው። እኔ የማየው ከሁሉም ከፍተኛውና ዝቅተኛው ሴል ምን ያህል እንደሚራራቁ ነው። ጥቂት ሚሊቮልት ከሆነ ደህና ነው። አንዱ ሴል ብቻውን ወርዶ ከተገኘ ግን ባትሪው በእሱ ልክ ነው የሚታሰረው። በሁለቱም መኪኖች ልዩነቱ ትንሽ ነበር። «የባትሪ ጤና» ብሎ የሚያሳየውን ፐርሰንት ግን ሙሉ በሙሉ አላምነውም። መኪናው ራሱ የገመተው ቁጥር ነው።

ስለዚህ በቆጣሪ መለካት ፈለግኩ። የቆመው መኪና ባለቤት «ሌሊቱን ሙሉማ አይሆንም» አለኝ። የእሱ መኪና ላይ በኦቢዲ ያየሁት ግምት ግን ከታክሲው የሚሻል አልነበረም። የታክሲው ልጅ ፈቀደ። ቀብድ ይዤ አያት ወደሚገኘው ቤቱ ሄድኩ።

ነገሩ ቀላል ነው። መኪናውን 20 ፐርሰንት ላይ አድርሰን እስከ 100 መሙላት፤ ከዚያ ቆጣሪው ስንት እንደቆጠረ ማየት። ችግሩ ቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር ከበራ ቁጥሩ ይበላሻል። የልጁ እናት ደግሞ ሊጥ አቡክተው ነበር። «እትዬ፣ ዛሬ ባይጋግሩስ?» ብል፣ «ልጄ፣ ሊጡ መኪናህን ይጠብቃል?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ጋግረው ምጣዱን እስኪያጠፉ ጠበቅን። ትኩስ እንጀራም በላን። ከዚያ የቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስቼ ቻርጀሩን ሰካሁት።

ጠዋት ስንመለከት፣ የፍሪጁንና የአምፖሉን ቀንሰን 51 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ። ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛው ገደማ ቻርጅ ሲደረግ በሙቀት ይባክናል። ባትሪው ውስጥ የገባው 46 አካባቢ ነው ማለት ነው። ይሄ የ80 ፐርሰንቱ ነው፤ ሙሉው 57.4 ይመጣል። አዲስ ሲሆን 60.48 ነው። ስለዚህ ወደ 95 በመቶ ገደማ ጤና አለው። በእርግጥ የባከነውን በግምት ስለወሰድኩ ሁለት ሦስት ፐርሰንት ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። ቢሆንም 80 ሺህ ለሄደ መኪና የሚያስደስት ነው። ገዛሁት።

እስከ 100 ያስኬድኩት ያለ ነገር አይደለም። የቢዋይዲው ባትሪ ኤልኤፍፒ የሚባለው የብረትና ፎስፌት ዓይነት ነው። የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ መሐል ላይ ሜዳ ነው፤ 40 ይሁን 60 መኪናው ራሱ በደንብ አይለየውም። ጥግ ላይ ሲደርስ ነው ቁርጡን የሚያውቀው። ለዚህም ነው የኤልኤፍፒ መኪና አልፎ አልፎ እስከ 100 እንዲሞላ የሚመከረው።

ስለ አነዳድ ብዙ ሰው የሚፈራው ቤንዚን መስጠቱን ነው። (ቤንዚን በሌለበት መኪና ላይ አሁንም «ቤንዚን ስጠው» ነው የምንለው።) በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 ያወጡት ጥናት ግን እንደ እውነተኛ መንገድ ሄድ ቆም፣ ፈጠን ቀስ እያለ የተጠቀሙበት ባትሪ፣ በላብራቶሪ በአንድ ዓይነት ፍሰት ከተለቀቀው እስከ 38 በመቶ የረዘመ ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል ያሳያል። የመገናኛ ሰልፍ ጎማን ይበላ ይሆናል፣ ትዕግሥትንም ይበላል፤ ባትሪው ላይ ግን የሚፈራውን ያህል አይደለም።

ሌላው ስህተት ርቀት ማነሱን ሁሉ ባትሪው ላይ ማላከክ ነው። አዳማ ከአዲስ አበባ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ሲወርዱ መኪናው ኃይል እየመለሰ ይሄዳል፤ ሰው ይደሰታል። ሲመለሱ ደግሞ ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና ከነሰው ያንን ዳገት ለመውጣት 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ተጨማሪ ይወስዳል። በፈጣን መንገዱ ላይ 120 ከነዱማ ንፋሱ የባሰውን ይበላል። አንድ ጓደኛዬ ከአዳማ ሲመለስ መንገድ ላይ ደውሎ «ባትሪዬ ሞተ» ብሎኝ ያውቃል። ሞጆን አልፎ ሽቅብ መውጣቱን ስነግረው ሳቀ። የጎማ ንፋስ ማነስም እንዲሁ ሰውን ያደናግራል።

እኔ ቤት ውስጥ የቀየርኩት ነገር ጥቂት ነው። በሥራ ቀን 30 አካባቢ ሲደርስ እሰካለሁ፣ 80 ወይም 90 ላይ ይቆማል። መብራት ይጠፋል ብለው ሁልጊዜ 100 ላይ የሚያቆዩትን እረዳቸዋለሁ፤ ግን 50 ፐርሰንት ለአዲስ አበባ የሁለትና የሦስት ቀን ሥራ ነው። ለበዓል ወደ ዘመድ ስሄድ መኪናውን ግማሽ ላይ አድርጌ ጥላ ሥር ትቼው እሄዳለሁ። ፈጣን ቻርጀር አልጠላም፤ ለመንገድ ነው የማስቀምጠው፣ ዋጋውም የቤቱን ያህል ርካሽ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ዓይነት ቁልቁለት ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ 100 ሞልቶ ቢወጣ የሚመለሰውን ኃይል መኪናው የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ፍሬኑን ይበላል እንጂ።

ጎረቤቴ የሚነዳው የቮልስዋገኑን አይዲ ፎር ነው። የእሱ ባትሪ ኒኬል ያለው ዓይነት ስለሆነ ሙሉ ሆኖ መቆምን ከእኔው በባሰ ይጠላል። ድሮ በየማታው 100 ነበር የሚያደርሰው። አሁን መኪናው ላይ 80 ላይ እንዲቆም ገድቦታል። ሐዋሳ ሲሄድ ብቻ ገደቡን ያነሳና፣ ሊነሳ አንድ ሰዓት ሲቀረው 100 እንዲሆን ቻርጀሩን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ያስጀምረዋል።