ዊንዶውስ ላይ ሆኖ ሊኑክስን ማሠራት፦ ከደሴ የልምድ ማካፈያ

አጎቴ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ኮምፒውተሩ አንድ ነው። ዊንዶውስ ነው፤ ፓወር ግእዝም ፕሪንተሩም የሚሠሩት እሱ ላይ ነው። ያንን አጥፍቼ ሊኑክስን፣ ማለትም እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ሌላ ነፃ ሥርዓት፣ ልጫን ብል የሚከተለው ይታወቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን ጭኖ እያጠፉ ማስነሳትም አለ፤ ግን ደንበኛ ከፊቴ ቆሞ «ቶሎ በልልኝ» እያለ ማሽን ማጥፋት የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ የሚያሠራውን፣ ደብሊው ኤስ ኤል (WSL) የሚባለውን መንገድ ያዝኩ።

ሊኑክስ የፈለግኩት ለጉራ አይደለም። ደንበኞች የድሮ የታተመ ወረቀት ያመጣሉ፤ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የመጽሔት ገጽ፣ አንዳንዴም ሙሉ መጽሐፍ። «እንደገና ጻፉልን» ይላሉ። ቴሰራክት የሚባል ነፃ ፕሮግራም ግን ስካን የተደረገ ገጽን አንብቦ ወደ ጽሑፍ ይመልሳል፤ አማርኛም ያውቃል። ለዊንዶውስም አለ። ሆኖም ከሱ በፊትና በኋላ የሚያስፈልጉት ትንንሽ መሣሪያዎች ሁሉ ሊኑክስ ላይ ባንድ ትዕዛዝ ስለሚገኙ እዚያው ልማረው አልኩ።

ስለ ደብሊው ኤስ ኤል ማወቅ የሚጠቅመው ይህ ነው። ማይክሮሶፍት በ2016 ያወጣው የመጀመሪያው ዓይነት የሊኑክስን ጥያቄዎች ለዊንዶውስ ይተረጉም ነበር። በ2019 ያስተዋወቀው ሁለተኛው ግን እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱን እምብርት) በትንሽ ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር በተፈጠረ ሌላ ኮምፒውተር) ውስጥ ያስነሳል። ዛሬ ስትጭኑ የምታገኙት ሁለተኛውን ነው። ለዚህም ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ላይ ቨርቹዋላይዜሽን መከፈት አለበት። መከፈቱን ለማየት ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ተመልከቱ፤ እዚያው ተጽፏል።

መጫኑ ብዙ ወሬ የለውም። ፓወርሼልን (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን የዊንዶውስ መስኮት) በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ «ደብሊው ኤስ ኤል» በሚሉት ሦስት ፊደላት አጠገብ፣ ሁለት ሰረዝ አስቀድማችሁ፣ «ኢንስቶል» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ትጽፋላችሁ፦ wsl --install። ኡቡንቱን (አንዱን የሊኑክስ ዓይነት) ራሱ ያወርዳል። ማሽኑን አጥፍታችሁ ካስነሳችሁ በኋላ ስምና ፓስዎርድ ይጠይቃል። ፓስዎርዱን ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ኪቦርዱ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ዳታ ግን ይበላል፤ በሞባይል ፓኬጅ ከሆነ የሌሊቱን ጠብቁ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ፋይሉን የት ታስቀምጡታላችሁ? ሊኑክሱ የዊንዶውስን ሲ ድራይቭ ያያል፤ ኤም ኤን ቲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ስካኑን ዴስክቶፕ ላይ ትቶ ከሊኑክስ በኩል መሥራት ይቻላል። ቀርፋፋ ነው እንጂ። በሁለተኛው ዓይነት ሊኑክስና ዊንዶውስ ፋይል የሚለዋወጡት በመካከላቸው ባለ መተላለፊያ ስለሆነ፣ ትንንሽ ፋይል ሲበዛ ጊዜ ይፈጃል። አንድ መጽሐፍ በገጽ በገጽ ሲከፋፈል ደግሞ የፋይል መዓት ነው። መፍትሔው ሥራውን ኡቡንቱ ቤት ውስጥ፣ ሆም ፎልደር ላይ ማድረግ ነው። ከዊንዶውስ ሆናችሁ ለማየት ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ በግራ በኩል ወደ ታች ውረዱ፤ የፔንግዊኑን ምልክት ታገኛላችሁ። ያለቀውን ጽሑፍ ከዚያ ጎትቶ ወርድ ላይ መጣል ነው።

ራምም አለ። ካልከለከላችሁት ሊኑክሱ የማሽኑን ራም እስከ ግማሽ ሊይዝ ይችላል። የኛ 8 ጊጋ ነው፤ 4ቱ ሲያዝ ወርድ መንተባተብ ጀመረ። አጎቴ «አብሽር፣ ይስተካከላል» ቢለኝም ፊቱ ሌላ ነበር። የዊንዶውስ ተጠቃሚ ፎልደራችሁ ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር የደብሊው ኤስ ኤል ኮንፊግ ፋይል ፈጥራችሁ የራሙን ጣሪያ ትወስናላችሁ። እኔ 2 ጊጋ አድርጌዋለሁ። ከዚያ ሻትዳውን ብላችሁ ሊኑክሱን ካላጠፋችሁ ለውጡ አይሠራም።

ወደ ቴሰራክት። በአፕት (በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ ትዕዛዝ) ፕሮግራሙን፣ ከሱም ጋር የአማርኛውን ጥቅል ለብቻ ትጭናላችሁ። ፒዲኤፍ በቀጥታ አያነብም፤ ፖፕለር በሚባለው ጥቅል ውስጥ ያለው መሣሪያ ገጾቹን ወደ ምስል ይቀይርለታል። 300 ዲፒአይ (የምስሉ ጥራት መለኪያ) ይበቃል። ንጹሕ ሕትመት ከሆነ ደስ ይላል፤ ማረም ብቻ ይቀራል። ቀለሙ የደበዘዘ ከሆነ ግን በ እና ቡ፣ ነ እና ኑ ይምታቱበታል፤ ልዩነታቸው አንዲት ትንሽ ጭረት ናትና። የእጅ ጽሑፍ አታስነኩት።

እኔን ያስደሰተኝ ከዚያ በኋላ ያለው ጽዳት ነው። የድሮ ሕትመት ቃላትን የሚለየው በሁለት ነጥብ ነው። አራት ነጥቡን ደግሞ ቴሰራክትም ሆነ ሰው ሁለት ሁለት ነጥብ አከታትሎ ሊጽፈው ይችላል፤ ለዓይን አንድ ይመስላል፣ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ነው። ሴድ በሚባለው መሣሪያ መጀመሪያ «፡፡» የሚለውን በ«።» ትተካላችሁ፣ ቀጥሎ የቀረውን «፡» በባዶ ቦታ። ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ ብትሠሩ በ«፡፡» የተጻፉት አራት ነጥቦች ሁሉ ይጠፋሉ። ይህ በአንድ መስመር፣ ለመጽሐፉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ያልቃል። በእጅ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የጽሕፈት ቤት ሰው ያውቀዋል።

ፍለጋም እንደዚያው ነው። አንዱ «ኃይል» ይላል፣ ሌላው «ሃይል»፣ ሌላው «ሀይል»። ግሬፕ በሚባለው የመፈለጊያ መሣሪያ ላይ [ሀሃሐሓኀኃ]ይል ብላችሁ ብትፈልጉ ሁሉንም ያመጣል። የቃል ቆጠራም አለ። ፊደል ስትቆጥሩ ግን ባይት የሚቆጥረውን አማራጭ እንዳትይዙ፤ አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ሥርዓት) ሦስት ባይት ስለሆነ «ሰላም» 9 ሆኖ ይወጣል።

ተርሚናሉ (ትዕዛዝ የምትጽፉበት መስኮት) ላይ አማርኛው ተደራርቦ ቢታይ አትጨነቁ፤ ፋይሉ ደህና ነው፣ ኖትፓድ ላይ ክፈቱት። መስኮት ያላቸው የሊኑክስ ፕሮግራሞችም ይከፈታሉ። ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ከሆነባችሁ የአቢሲኒካን ፎንት እዚያው ኡቡንቱ ውስጥ መጫን ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ እኔም ልጀምር አለ። ዳታ ከሚጨርስ ብዬ የተዘጋጀውን ኡቡንቱ እንዳለ፣ ቴሰራክቱንም ጨምሮ፣ በኤክስፖርት ወደ አንድ ፋይል አወጣሁት። በፍላሽ ይዤው የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፤ እሱ ማሽን ላይ በኢምፖርት ይገባል። እዚያ ቀድሞ መኖር ያለበት ደብሊው ኤስ ኤሉ ራሱ ብቻ ነው። ቀጥሎ የምሞክረው በሁለት ዓምድ የታተመ የጋዜጣ ገጽ ነው፤ ቴሰራክት አንዳንዴ ከግራው ዓምድ ወደ ቀኙ ዘሎ ያነባል። ገጹን እንዴት ከፋፍሎ እንደሚያነብ የሚወስነውን የቴሰራክት ቁጥር እየቀያየርኩ ነው፤ ካልሆነ ገጹን ቀድሜ ለሁለት እቆርጠዋለሁ።