ጠዋት ጠዋት የምታስጨንቀኝ ቁጥር

የመጀመሪያ ልጄ ደብረ ማርቆስ ሲወለድ 4 ኪሎ ከ300 ግራም ይመዝን ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «አንበሳ ወለድሽ» እያለ እልል አለ፣ አማቴም ከቢቸና ቅቤና የገንፎ ዱቄት አስጭነው መጡ። ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን ልጅ የወለደች ሴት በሚቀጥለው እርግዝናዋ ስኳሯ በጥንቃቄ ሊታይ እንደሚገባ ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሁለተኛውን አርግዤ ክትትል የጀመርኩበት ቦታም የቀድሞ ልጄ ስንት ኪሎ እንደነበረ ሳይጠይቀኝ ወራት አለፉ፤ ጥያቄው አንድ ደቂቃ እንኳ የማይፈጅ ነበርና ይህ ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

በ26ኛው ሳምንት፣ የካቲት ሲገባ፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ እሷ ግን ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። በማግስቱ ምንም ሳልቀምስ አድሬ በባዶ ሆዴ ደም ሰጠሁ፤ ከዚያም 75 ግራም ግሉኮስ የተበጠበጠበት ውሃ ጠጥቼ ከአንድ ሰዓት በኋላና ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ተመረመርኩ። ውጤቱ በሚሊግራም በዴሲሊትር 101፣ 188 እና 149 ሆነ። ወሰኖቹ በቅደም ተከተል 92፣ 180 እና 153 ሲሆኑ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ወሰኑ ላይ ከደረሰ እንኳ የእርግዝና ስኳር ይባላል፤ የእኔ ሁለቱ አልፈዋል።

ወደ ቤት እየሄድኩ የበላሁትን ሁሉ በልቤ ስቆጥር ነበር፤ ሻዩን፣ በማር የተለወሰውን በሶ፣ ከሰዓት በኋላ የምቀምሰውን ዳቦ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሟ ይህን ጸጸት አይታ በዝግታ አስረዳችኝ፤ የእንግዴ ልጅ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የደም ስኳርን የሚያወርደው የእናቲቱ ኢንሱሊን በቅጡ እንዳይሠራ ያደርጋሉ፣ እርግዝናው በገፋ ቁጥርም ይበረታሉ፣ ቆሽት ያንን የሚያካክስ ተጨማሪ ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቅተው ስኳሩ ከፍ ይላል። የእናት ስኳር ወደ ፅንሱ ይሻገራል፣ ኢንሱሊኗ ግን አይሻገርም፤ ስለዚህ የፅንሱ ቆሽት የራሱን ኢንሱሊን አብዝቶ ያመርታል፣ ልጁም ከልኩ በላይ ይወፍራል። «አንበሳ» ያልነው ልጄ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

የስኳር መለኪያ ገዝቼ ጣቴን በቀን አራት ጊዜ መውጋት ጀመርኩ፤ በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ምግብ ከጀመርኩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ140 በታች እንዲሆን ነበር የታዘዝኩት። ጤፍ በሞላበት ጎጃም እንጀራ ተዪ የሚለኝ ሰው ይመጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ማንም እንዲያ አላለኝም። ሙሉ እንጀራ በሽሮ ስበላ 171 ያነበበው መሣሪያ፣ ግማሹን እንጀራ ከምስር ወጥ፣ ከብዙ ጎመንና ከአንድ ቅቅል እንቁላል ጋር ስበላና ከማዕድ ተነሥቼ ግቢውን ሩብ ሰዓት ስዞር 128 አነበበ። የቀይ ጤፍ እንጀራ አይጎዳም እያሉ የመከሩኝ ነበሩ፤ ቀይም ሆነ ነጭ፣ መጠኑ ሲበዛ መለኪያው አልማረኝም። አማቴ ትሪው ላይ የቀረበልኝን እያዩ «እንዴ ልጄ፣ ይችን ቁራሽ በልተሽ ልታድሪ ነው?» ይሉኝ ነበር። እኛ ዘንድ ነፍሰ ጡርን መውደድ ማለት ማጉረስ ነውና ጉርሻቸውን መመለስ ከመርፌው ይልቅ ከብዶኛል፤ ኋላ ግን ቁጥሩን ራሳቸው እንዲያነቡ መሣሪያውን ሰጠኋቸው፣ ከዚያ ወዲህ ጎመኑን የሚጨምሩልኝ እሳቸው ሆኑ።

ሁዳዴ ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት እንደማልችል አውቄ የንስሐ አባቴን አማከርኩ። ረጅም ሰዓት ተርቦ በአንድ ጊዜ አብዝቶ መብላት ስኳሩን እንደሚያንረው፣ ረሃቡም ራሱ ለፅንሱ እንደማይበጅ ስነግራቸው «ጤና ስትሆኚ ትጾሚዋለሽ፤ አሁን ሐኪሟን ስሚ» አሉኝ። የምታነቡኝ ነፍሰ ጡሮች ካላችሁ ይህን ጥያቄ በልባችሁ ይዛችሁ አትቆዩ።

የምግቡን ነገር አስተካክዬም እንኳ የጠዋቷ ቁጥር አልወርድ አለች። 98፣ 102፣ 99። እራቴን ብቀንስ፣ ከመተኛቴ በፊት ብራመድ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራውን ሆርሞን በእንጀራ ልክ ማሸነፍ አልተቻለም። ሐኪሟ ማታ ከመተኛቴ በፊት የሚወጋ 8 ዩኒት ኢንሱሊን ስታዝልኝ አለቀስኩ፤ እንደ ተሸናፊ ነበር የቆጠርኩት፣ ዛሬ ግን ከሁሉ አብልጬ የማዝነው በዚያ ልቅሶዬ ነው። ኢንሱሊን ወደ ልጁ አይሻገርም፤ የጠዋት ስኳርም እናቲቱ ምን ያህል እንደጣረች የሚለካ አይደለም። ያልተከፈተውን ብልቃጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ የጀመርኩትን ግን ቤቴ ውስጥ ጥላ ባለው ቦታ አስቀመጥኩ፤ ከተማችን ደጋ ስለሆነ አልተቸገርኩም፣ ወደ አዲስ አበባ ስጓዝ ግን የአባይ በረሃ ሙቀት እንዳያበላሸው በቅዝቃዜ መያዣ ይዤው ሄጃለሁ። መጠኑ በየሳምንቱ እየተስተካከለ 14 ዩኒት ሲደርስ የጠዋቷ ቁጥር 89 ሆነች።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ 3 ኪሎ ከ400 ግራም የምትመዝን ሴት ልጅ ወለድኩ። እናቷ ስኳር የነበረባት ልጅ ከተወለደች በኋላ የለመደችው ስኳር ስለሚቋረጥባት፣ የራሷ ኢንሱሊን ግን ገና ብዙ ስለሆነ ስኳሯ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ተረከዟን እየወጉ በየጊዜው ለኩላት። አማቴ እንደ ልማዱ ለጋ ቅቤ ሊያውጧት ተዘጋጅተው ነበር፤ አዋላጇ ሲስተር በትሕትና ከለከለቻቸውና ሕፃኗን ደረቴ ላይ አስቀመጠቻት፣ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ እንገሯን ጠባች።

ኢንሱሊኑ በወለድኩበት ቀን ቆመ። አጥሚቱን ያለ ስኳር ጠጣሁ፤ አራስ ጠያቂዎች ያመጡትን ማር ለቤተሰቡ ተውኩ። የእርግዝና ስኳር ከወሊድ በኋላ ቢጠፋም ወደፊት ስኳር የመያዝ ዕድልን ስለሚጨምር ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ድጋሚ ምርመራ አለ፤ አራስነቱና ክርስትናው ሲያዋክቡ ብዙ እናቶች የሚዘነጉት ይህንኑ ነው። እኔ በ8ኛው ሳምንት፣ ሐምሌ ላይ፣ ልጄን አዝዬ ሄጄ ያንኑ 75 ግራም ጠጣሁ፤ በባዶ ሆድ 88፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 131። ሐኪሟ ካርዴ ላይ የሚቀጥለውን ዓመት ሐምሌ ጻፈችልኝ፣ ካርዱም አሁን ከልጄ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ አለ።