ዝናቡ ሳይሆን ዘፈኑ

ሐምሌ ነው፤ ደሴ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ለሚያጠና ተማሪ ግን ከዚህ ሁሉ ውርጅብኝ ይልቅ ከጎረቤት ሱቅ በስሱ የሚሰማው ዘፈን ይብሳል። ዝናቡ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው፣ ጆሮ ይለምደዋል። ዘፈኑ ግን ቃል አለው፣ በየቅጽበቱም ይለዋወጣል።

ቀመር ወይም የቃላት ዝርዝር የሚሸመድድ ሰው በሆዱ ደጋግሞ ይለዋል። የሌላ ሰው ድምፅ ሳይፈለግ እዚያው ገብቶ ቅደም ተከተሉን ያፋልሰዋል። ቋንቋውን አለማወቅም አያድንም፦ እ.ኤ.አ. በ1976 ኮልና ዌልሽ ባሳተሙት ሙከራ የማያውቁት ጀርመንኛ እየተነበበባቸው የነበሩ ሰዎች እንኳ ፊደላትን በቅደም ተከተል ማስታወስ ከብዷቸዋል። ስለዚህ «የውጭ ዘፈን ነው፣ አይገባኝም» የሚለው ምክንያት አያሳምነኝም።

ጠባይስ? እ.ኤ.አ. በ1997 ፈርንሃምና ብራድሊ 10 ቁጥብና 10 ተግባቢ ሰዎችን ፈትነው ነበር። ፖፕ ሙዚቃ ሲከፈት ሁለቱም ወገኖች ወዲያው ሲጠየቁ የሚያስታውሱት ቀነሰ። ከ6 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ግን በይበልጥ የተጎዱት ቁጥቦቹ ነበሩ፤ አንብቦ መረዳትም ላይ እንዲሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አይዘንክ የቁጥብ ሰው አእምሮ በራሱ የነቃ በመሆኑ ተጨማሪ ቅስቀሳ ቶሎ ይበዛበታል ይል ነበር። ሃያ ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም በአንድ ዶርም ያሉ ሁለት ጓደኛሞች፣ አንዱ በዘፈን አንዱ በጸጥታ ካልሆነ ማጥናት አልችልም ሲሉ፣ «ሰበብ ነው» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

የራስን ልክ ማወቅ ቀላል ነው። የማይገናኙ 12 ቃላት ያላቸው አራት ዝርዝሮች ይዘጋጁ። በቀን አንድ ዝርዝር፣ ለ2 ደቂቃ፣ አንዱን ቀን በጸጥታ ሌላውን በዘፈን ይጠና። ከዚያ ከ100 ወደ ታች ሦስት ሦስት እየቀነሱ 1 ደቂቃ መቁጠር፣ ቀጥሎ መጻፍ። ብዙዎች እዚህ ያቆሙና ይሳሳታሉ፤ ጉዳቱ ቆይቶ ሊታይ ስለሚችል በማግስቱ ሳያዩ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል። ሰዓቱም አንድ ይሁን፣ አለዚያ የሚለካው ድካም ነው።

ኮምቦልቻ ሙቀቱ መስኮት ያስከፍታል፤ የባጃጅ ጡሩንባና የመንገደኛ ወሬ አብሮ ይገባል። እዚያ ቬንትሌተር ቢከፈት አንድ ዓይነት ድምፁ ወሬውን ይሸፍናል። ፈተና ሲቃረብ ግን ክለሳው በጸጥታ ይሁን፣ አዳራሹም ጸጥ ያለ ነውና።