ለዘብተኛ ማለት አቋም የለሽ ማለት ነው እንዴ?

ሰሞኑን የእንግሊዛዊውን ፈላስፋ የሆብስን ሌዋታን የሚለውን መጽሐፍ እንደገና ሳገላብጥ ነበር፣ እና ያው ምዕራፍ 13 ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሰውን የሚያጣሉት 3 ነገሮች ናቸው ይላል፣ ፉክክር፣ አለመተማመን፣ ክብር ፍለጋ። ልብ በሉ፣ ፉክክርን ነው አንደኛ ያደረገው። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1651 ነው፣ የእንግሊዙ ንጉሥ አንገቱ ከተቀላ ገና 2 ዓመቱ፣ ስለዚህ ሰውዬው ፉክክር ሲባል የሚታየው ደም ቢሆን አይገርምም። መፍትሄው ያው ሁሉም ሥልጣኑን ለአንድ ገዢ አስረክቦ አርፎ መቀመጥ ነው።

የዛው ዘመን እንግሊዛዊ ፖለቲከኛ ሃሊፋክስ ግን ሌላ ነው። በ1680ዎቹ ዊግና ቶሪ የሚባሉት ሁለቱ የእንግሊዝ ፓርቲዎች ሲናከሱ መሀል ላይ የቀረውን ሰው ትሪመር እያሉ ይሰድቡት ነበር፣ አሁን እኛ አቋም የለሽ እንደምንለው በሉት። ሃሊፋክስ ስድቡን አንስቶ ለራሱ ለበሰው! ጀልባ ላይ ግማሹ ሰው ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ግማሹ ወደ ሌላው ሲያጋድል፣ ኧረ ቀጥ ብላ ብትሄድስ የሚል ሦስተኛ ሰው ነው ትሪመር ማለት፣ አለ። በጣም ነው የወደድኩት፣ ግን ነገሩ ሁሉ በዛ ሰውዬ ጠባይ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አንድ ቀን ሲሰለቸውስ?

ለዚህ ነው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሞንቴስኪዩ የሚመቸኝ። በ1748 ባወጣው የሕጎች መንፈስ ላይ ሥልጣን የያዘ ሰው ሁሉ የሚያቆመው እስኪያገኝ ድረስ ይገፋበታል፣ በጎነት እንኳን ሳይቀር ገደብ ያስፈልገዋል ይላል (ይቺን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀምጫለሁ)። ስለዚህ ሥልጣንን ሥልጣን ያቁመው ነው ነገሩ። ሆብስ የፈራው ፉክክር እዚህ ጋ ልጓም ሆነ ማለት ነው፣ ማንም ጨዋ መሆን አይጠበቅበትም፣ ልከኝነቱ ከግፊያው መሀል ይወጣል። በ1788 የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት አንዱ የሆነው ማዲሰንም ምኞትን ምኞት ይግታው ብሎ ይሄንኑ ነው አሜሪካ ላይ የተከራከረለት።

አንድ የማይዋጥልኝ ነገር ግን አለ። እዛው የሕጎች መንፈስ ውስጥ መኳንንት የሚገዙት ሪፐብሊክ ምን ደግፎ ያቆመዋል ሲባል የሞንቴስኪዩ መልስ የመኳንንቱ ልከኝነት ነው። ልጓሙ እጃቸው ላይ ያለ ሰዎች ራሳቸውን ይግቱ ማለቱ እኮ ነው፣ እንግዲህ ዞረን ዞረን ሃሊፋክስ ጀልባ ላይ ልንወጣ ነው፣ እና ከዛ ጀልባ እንዴት እንደሚወረድ እስካሁን አልገባኝም።