«ፈሪ» የተባለው ሠልጣኝ

ደብረ ብርሃን የከባድ መኪና አሠልጣኝ ነኝ። አለቃችን የፓይለት ሠልጣኞች ጭንቀት በበረራ ላይ እንደሚለካ ሰምተው «እኛም እንለካ» አሉ። ሐሳቡን በጣም ወደድኩት። ደረት ላይ የሚታሰር የልብ ምት መለኪያ ተገዛ።

አንድ የሸዋሮቢት ልጅ ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ምቱ ከ140 አለፈ። አጠገቡ ተራ የሚጠብቀው የከተማችን ልጅ 80 እንኳ አልሞላም። አለቃ ወረቀቱን አይተው «ፈሪ ነው፣ ለተሳቢ አይሆንም» ብለው ጻፉበት።

«አለቃ፣ ያኛው እኮ መሪ አልያዘም» አልኳቸው።

«ቢሆንስ? መኪናው አንድ፣ ገደሉም አንድ!»

እንዴት አንድ ይሆናል? ሁለት ፓይለቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው እንኳ ምቱ ይበልጥ የሚጨምረው አውሮፕላኑን የያዘው ነው፤ በተለይ ሲያርፍ። ኒል አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ የልብ ምቱ 150 ደርሶ ነበር። ይህንንም ነገርኳቸው።

«እኛ ያለነው ጣርማበር ነው» አሉና ወረቀቱን አጣጠፉት።

ጣርማበር ከሆነማ የባሰ ነው! ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ልጁ ደግሞ የቆላ ልጅ ነው፤ ደጋ ከወጣ ገና ማደሩ ነበር። አየሩ ሲሳሳ ልብ ቁጭ ብለውም ቶሎ ቶሎ ይመታል። መጀመሪያ እዚያው ባረፈበት መለካት፣ ከዚያ ሰውየውን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው ወጉ። ፓይለቶችን ሲያጠኑ ሰውየውንም ይጠይቁታል። ናሳ ያዘጋጀው ቅጽ ስድስት ነገር ይጠይቃል፤ ለምሳሌ ሥራው ምን ያህል ሐሳብ እንደጠየቀው፣ ጊዜው እንዳጣደፈው፣ እንደተበሳጨ። የእኛን ልጅ ማንም ምንም አልጠየቀውም።

እጅና እግሩን ያየሁት እኔ ነኝ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀነሰ። መኪናውን በሞተር ያዘው፤ ፍሬኑን ነካ፣ ለቀቅ ያደርግ ነበር። የዚያኛው ተራ ሲደርስ ፍሬኑ ላይ ቆመበት፤ ሽታው ካቢናው ውስጥ ገባ። እስኪበርድ መንገድ ዳር ቆምን። የእሱ ምት ግን ብዙም አልጨመረ። ወረቀቱ ላይ «የተረጋጋ» ተባለለት።

መለካቱን አሁንም እደግፋለሁ። የሸዋሮቢቱ ልጅ ከሳምንታት በኋላ ያንኑ መንገድ ሲወርድ እነዚያው መታጠፊያዎች ላይ ምቱ በጣም ቀንሶ ነበር። መሣሪያው የሚጠቅመው ይህን ለማየት ነው። አዲሱን ቁጥር አያይዤ «ፈሪ» የሚለው ከፋይሉ እንዲሰረዝ በጽሑፍ ጠየቅኩ። እስካሁን አልተሰረዘም።