«ወገቤን ነው»

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ሰው ቤቱ ሆኖ በቪዲዮ ሐኪም ሲያነጋግር መጀመሪያ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ፤ አዘጋጅቼ ለዶክተሩ አስተላልፋለሁ። ዝግጅቱ ቀላል ነው። የገጠር ቤት ብርሃን የሚገባው ባብዛኛው በበሩ ስለሆነ «ፊትዎን ወደ በሩ ያዙሩልኝ» እላለሁ፤ ጀርባ ከሰጡት የሚታየኝ ጥላ ብቻ ነው። የሚያስለው ሕፃን ከሆነ እናቱ ልብሱን ገልባ ደረቱን ታሳየኛለች፤ ለቅሶውን ሲያቆም አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን እቆጥራለሁ። ከ2 ወር እስከ ዓመት ላለው 50፣ ከዚያ በላይ እስከ 5 ዓመት ላለው 40 ከደረሰ ፈጣን ነው፤ በስልክ የሚታለፍ አይደለም፣ ይዘሽው ነይ ነው።

የማይዘጋጀው የቤቱ ሰው ነው።

ከመሐል ሜዳ ወዲያ ካለ ቀበሌ አንድ ወጣት ደወለ። የሚሠራው አዲስ አበባ ነው፤ እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ «ወገቧን አሟታል» ብሎ ያስመዘገባቸው እሱ ነው። እሳቸው ባና ደርበው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ቡና ተፈልቷል፣ ጎረቤትም ሞልቷል፤ ሐኪም በስልክ ሲታይ ማን ይቀራል?

ዶክተሩ ጠየቁ። ሕመሙ ወደ እግር ይወርዳል? አይወርድም። መቼ ይብሳል? «ወደ ማታ። ጋደም ስል ይተወኛል።» ሌላ አለ? «የለም፣ ወገቤን ነው።» ግማሹን የሚመልሰው ልጁ ነበር። እሳቸው አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ዓይናቸው ከስልኩ በላይ ይሄዳል፤ ልጁ ወደቆመበት።

ዶክተሩ የሕመም ማስታገሻ ሊያዙ ነው። «አንዴ ይቆዩኝ» አልኳቸውና ለልጁ፣ «ወንድሜ፣ ስልኩን ለእህትህ ስጥና ትንሽ ውጣልን፤ ጎረቤቶቹም እንዲሁ» አልኩት።

«እናቴ እኮ ናት! ምን የምትደብቀኝ ነገር አላት?»

«እናትህ ስለሆኑ ነው።»

ቅር እያለው ወጣ። ጎረቤቶቹም ሲኒያቸውን ይዘው፣ እያጉረመረሙ ተከተሉት። እህቲቱ በሩን ገርበብ አድርጋ የስልኩን ድምፅ ቀነሰች። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ ውኃ ስሸከም ከታች የሚወርድ ነገር አለ። ስተኛ ይመለሳል» አሉኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እናቴ?»

«የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ።»

የመጨረሻ ልጃቸው ማለት አሁን ያስወጣሁት ጎረምሳ ነው።

የማህፀን መውጣት ይባላል። ብዙ ጊዜ የወለደች፣ ምጥ የጠናባት፣ ዕድሜዋን ከባድ ስትሸከም የኖረች ሴት ላይ ይበዛል። ወደ ታች የመጎተት ስሜትና የወገብ ሕመም አለው፤ ቆመው ሲውሉ ይብሳል፣ ሲተኙ ይቀልላል። መልሳቸው ሁሉ ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነበር። እንደ ደረጃው የዳሌ ወለል ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ ቀለበት ወይም ቀዶ ሕክምና አለው። የቱ እንደሚሻል ግን በምርመራ ነው የሚታወቀው፤ ይህን ደግሞ በስልክ ካሜራ አሳዩኝ አልልም፣ ማንም እንዲል አልፈቅድም።

«ለልጅዎ ምን እንበለው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ወገብ ነው በሉት።»

ዶክተሩ ልጁን አስጠርተው፣ እናትህ በአካል መመርመር አለባት፣ እህትህ አብራት ትምጣ አሉት። ከዚያ በላይ አልነገሩትም። በታርማ በር አድርገው መጡ፤ ቀለበቱ ገባላቸው፣ ክትትሉም ቀጥሏል።

ክሊኒክ ሲመጡ በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ። በቪዲዮ ግን በሩ በስልኩ ባለቤት እጅ ነው፤ የስልኩ ባለቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሽተኛው አይደለም። ስለዚህ አሁን ከብርሃኑም ከትንፋሹም በፊት «አጠገብዎ ማን አለ?» ብዬ ነው የምጀምረው። ሰው ማስወጣት ካልተቻለ የጆሮ ማዳመጫ እንዲያደርጉ እነግራለሁ፤ ጥያቄውንም «አዎ» ወይም «የለም» በማለት ብቻ እንዲመለስ አድርጌ አቀርባለሁ። ሰዓት ትበያለሽ እባላለሁ። አዎ፣ ይበላል።

በቅርቡ ደግሞ ከእነዋሪ በኩል አንድ የደም ግፊት ያለባቸው አባት ገጠሙኝ። ባለቤታቸው ለአፍታ እንዲወጡ ብጠይቅ፣ «ሚስቴ ናት፣ ትቀመጥ! ምን የምደብቃት አለኝ?» ብለው ተቆጡኝ። መድኃኒቱን ለምን እንዳቋረጡ ስጠይቃቸው «ረስቼው ነው» አሉ። በማግስቱ ራሳቸው ከእርሻ ላይ ደወሉ። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «ወንድ ሐኪም አገናኚኝ» አሉ።