እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሳችሁ! ከሆታው ጎን ስላለው ጸጥታ

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጥምቀት በዓል በሰላም አደረሳችሁ፤ አደረሰን!

ጎንደር ሰሞኑን መንገዱ ሁሉ ሰው ነው። ከፒያሳ እስከ ፋሲል መዋኛ መተላለፊያ የለም። ከበሮው፣ ሆታው፣ እልልታው ደስ ይለኛል። ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ግን ስለ ጸጥታ ነው። በዓሉ ራሱ ጸጥታ አለውና።

የከተራ ዕለት ታቦታቱ ወርደው ድንኳናቸው ሲገቡ፣ ቀን ሲጨፍር የዋለው ወጣት ቀስ በቀስ ይበተናል። የሚቀርም አለ። ካህናቱ ማኅሌት ይቆማሉ። እናቶች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጧፍ ይዘው ያድራሉ። የጥር ብርድ የዋዛ አይደለም፤ ማንም ግን አያማርርም። እዚያ መካከል የቆመ ሰው፣ በሕዝብ ተከቦም ለብቻ መጸለይ እንደሚቻል ያየዋል።

ብዙዎቻችሁ «ለጸሎት ጊዜም ቦታም የለኝም» ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው። ከነልጆቹ በአንዲት ክፍል የሚኖር ሰው የት ገብቶ በሩን ይዝጋ? ግን እኮ ጎንደር በአርባ አራቱ ታቦት የምትጠራ ከተማ ናት። ከየትም ሰፈር ተነሥታችሁ ትንሽ ብትራመዱ አንድ ደብር አታጡም። እኛ የምንሄደው ለቅዳሴና ለንግሥ ብቻ ሆነና ነው እንጂ፣ ቅጽሩ በአዘቦቱ ቀንም አለ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን በተራ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አይታችሁት ታውቃላችሁ? አድያም ሰገድ ኢያሱ የተከሉት ደብር ነው። ጎብኚው ጣሪያው ላይ የተሣሉትን መላእክት ፎቶ አንሥቶ ይወጣል። እናንተ ከዛፎቹ ሥር ቁጭ በሉ። መጸለይ ካቃታችሁ ዝም በሉ፤ እሱም ይቆጠራል ብዬ አምናለሁ። ቁስቋምም እንዲሁ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከከተማው ራቅ አድርገው ያሠሩት ስፍራ፣ ዛሬም ለብቻ መሆን ለሚፈልግ ሰው ይመቻል።

አባቶች ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያት ሠርተውልናል። ሰባቱን መጠበቅ ለሠራተኛ ሰው ይከብዳል፤ አንዱን አጥብቆ መያዝ ግን አያቅትም። እኔ የሠርኩን እመርጣለሁ። 11 ሰዓት ላይ፣ ከሥራ ወጥቶ ቤት ከመግባት በፊት። ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ድምፁን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ እጅ ላይ ካለ መነካቱ አይቀርም።

በዚህስ ሙስሊም ወንድሞቻችን ያስቀኑኛል። ሰዓቱ ሲደርስ ነጋዴው ሱቁ ጥግ መስገጃውን አንጥፎ ይሰግዳል፤ ደንበኛውም ቆሞ ይጠብቀዋል። ማንም ሥራ ፈታ አይለውም።

ይህን አጥብቄ የምላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ያለፉት ዓመታት ለከተማችን ከባድ ነበሩ። ሐዘን የገባበት ቤት ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ስልኩ ላይ አፍጥጦ ዜና ሲከታተል ይውላል፤ ያው ዜናው አያልቅም፤ እሱም ሳያርፍ ይመሻል።

ከሩቅ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ ጥር 12 የቃና ዘገሊላ ዕለት ሚካኤል ከገባ በኋላ ቶሎ አትሂዱብን። አንድ ቀን ጨምሩና ቁስቋም ውጡ። ለታመሙት፣ በስደት ላሉት፣ ለሀገራችንም ሰላም ጸልዩልን።

መልካም በዓል!